ዮቪክ፦ በተራራው ሆድ ውስጥ

ከኦስሎ ተነስቶ ወደ ሰሜን የሚሄደው ባቡር መጨረሻው ዮቪክ ነው። ሐዲዱ እዚያ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ሐይቅ ነው። መንገዱን ሙሉ በመስኮት የማየው ጥድ ነበር። ደኑ ገለል ባለ ቁጥር በረዶ የለበሰ እርሻና ቀይ የተቀባ ጎተራ ብቅ ይልና መልሶ ይጠፋል። ውበቱን ማን ይክዳል! ቆይቶ ግን ዓይን ሰው ይርበዋል። እኛ አገር ሜዳው ባዶ ቢመስልም መኪና አቁሞ የወረደ መንገደኛ ብቻውን ብዙ አይቆይም፤ ከየት እንደመጣ ያልታየ እረኛ አጠገቡ ቆሞ ያገኘዋል። እዚህ ቤቱ አለ፣ መብራቱ በርቷል፣ ከጭስ ማውጫው ጭስ ይወጣል፤ ደጅ የሚታይ ሰው ግን የለም። ይህ ሁሉ ሕዝብ የት ገባ እያልኩ ከባቡሩ ወረድኩ።

የአክስቴ ልጅ ጣቢያው ላይ ትጠብቀኝ ነበር። እዚህ ከተማ ከገባች ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ ነርስ ናት፤ ትዳር የያዘችውም ልጆቿን የወለደችውም እዚሁ ነው። ታናሹ ልጇ አሥር ዓመቱ ነው። አማርኛው ከእናቱ ጋር ሲሆን ይሮጣል፣ ከእንግዳ ጋር ሲሆን ይደነቃቀፋል። ገና ሰላም ተባብለን ሳንጨርስ፣ «ጋሼ፣ ነገ ተራራው ውስጥ ጨዋታ አለኝ፤ ትመጣለህ አይደል?» አለኝ። እናቱ ገላመጠችው። «ይመጣሉ» ብሎ አስተካከለና ሳቀ።

የመጣሁትስ ለዚሁ አይደል! ዮቪክ ትንሽ ከተማ ናት፤ ከነዙሪያዋ 30 ሺህ ያህል ሰው ይኖርባታል። ከተማ ተብላ የታወቀችው በ1861 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)፤ ባቡሩ የደረሰላት ደግሞ በ1902። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመስታወት ፋብሪካ ነበራት። ሙስታድ የሚባለው፣ ዓሣ አጥማጅ ባለበት አገር ሁሉ መንጠቆው የሚታወቀው ድርጅትም የዚህ አካባቢ ልጅ ነው። የምዮሳ ሐይቅ፣ የኖርዌይ ትልቁ፣ ከእግሯ ሥር ተዘርግቷል። በ1856 የተሠራችው ስኪብላድነር የተባለች መርከብ በጎንና በጎኗ ባሉ መዘውሮች ውሃውን እየቀዘፈች ዛሬም በበጋ ሰው ታመላልስበታለች። እኔ የደረስኩት በብርዱ ወራት ስለነበር ወደቡ ላይ ታስራ አርፋ ነው ያየኋት። ይህ ሁሉ ደስ ይላል፤ ሰው አገር አቋርጦ የሚመጣበት ጉዳይ ግን አይሆንም። የዮቪክን ስም ያወጣው ከመሀል ከተማዋ አናት ላይ ያለው ሆቭደቶፐን የሚባል ኮረብታ ነው። ኮረብታው ብቻውን እንኳ አይደለም፤ ሆዱ ነው።

በማግስቱ በእግራችን ሄድን። ልጁ እሱን ሊያክል ምንም ያልቀረውን ሻንጣ እየጎተተ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ ጥሎ ከፊት ከፊት ይሄዳል። ስቴዲየም ከሩቅ የሚታይ ነገር ነው፤ የመብራት ምሰሶው፣ ጣራው፣ ሰልፉ ይጠራል። እዚህ ከኮረብታው ግርጌ የኮንክሪት ክፈፍ ያለው በር ብቻ አለ። የመኪና ማቆሚያ ነው ቢሉኝ እቀበል ነበር። ወደ ውስጥ ስንገባ አፍንጫ ይቆርጥ የነበረው ብርድ ረገበ። ዋሻው ሰፊና ብሩህ ነው፣ ወለሉ ደረቅ፣ ግድግዳው ግራጫ። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ ነው፤ ጠጣር ነገር ከእንጨት ጋር ሲላተም የሚሰማ ደረቅ ጓታ፣ ደግሞም የልጆች ጩኸት። ጥቂት እንደሄድን ዋሻው በአንድ ጊዜ ተከፈተ።

ወርዱ 61 ሜትር፣ ርዝመቱ 91 ሜትር፣ ከፍታው 25 ሜትር። መሀሉ ላይ አንድም ምሰሶ የለም። ከአምስት ሺህ በላይ ተመልካች የሚቀመጥባቸው ወንበሮች ዙሪያውን ተደርድረዋል፤ ከታች በመብራት የሚያበራ የበረዶ ሆኪ ሜዳ ተነጥፏል። ከጣራው በላይ ያለው ከ25 እስከ 50 ሜትር የሚወፍር ድንጋይ ነው፤ ከድንጋዩ በላይ ደግሞ ያው ጥድ። እናቶች፣ አባቶች፣ አያቶች፣ ጋሪ ውስጥ የተኛ ሕፃን ሳይቀር ሞልቷል። ባቡር ውስጥ ሆኜ የፈለግሁት ሰው ሁሉ ለካ እዚህ ነው።

አጠገቤ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ተቀምጠው ነበር። የአክስቴ ልጅ ታስተረጉምልኝ ጀመር። ሲቆፈር የጭነት መኪና ይነዱ እንደነበር ነገሩኝ። ሥራው የተጀመረው በ1991 ነው፤ አዳራሹ የተመረቀው በግንቦት 1993። ከኮረብታው ሆድ የወጣው ድንጋይ 140 ሺህ ሜትር ኩብ ያህል ነው፤ ለማፈንዳት 170 ቶን ድማሚት ፈጅቷል፣ ለማውጣት 29 ሺህ የጭነት መኪና ምልልስ። «ከ29 ሺው ስንቱ የእርስዎ ነው?» ብላቸው ትከሻቸውን ነቀነቁ። «ሲመሽ መቁጠር አቆም ነበር። ከፊሉ ድንጋይ ታች ሐይቁ ዳር ነው። ዛሬ ሰዉ ውሻውን እያንሸራሸረ ይሄድበታል።» ይህን ያሉት ስለ ጓሯቸው አጥር በሚያወሩበት ድምፅ ነው።

ከዚያ በፊት ሕዝብ የሚሰበሰብበት ይህን ያህል ወርድ ያለው ዋሻ በዓለም ላይ ቆፍሮ የሚያውቅ አልነበረም። እንዴት ደፈሩ? የሚለው ጥያቄ ጣራውን ባየሁ ቁጥር ይመላለስብኛል። መልሱ ከድንጋዩ ይጀምራል። የሆቭደቶፐን ድንጋይ ግናይስ ነው፤ ዕድሜ ጠገብ፣ ጠንካራ፣ ግን ስንጥቅ የማያጣው። ከስንጥቁ ያዳነው ነገር ከጎንና ከጎን በከባድ ኃይል የተጨመቀ መሆኑ ነው። ጣራው ጎበጥ ተደርጎ ሲቆረጥ ይህ ጭመቃ ድንጋዩን እርስ በርሱ ያያይዘዋል፤ ክፍተቱ ላይ የቀረው አለት ራሱን በራሱ ይሸከማል። መሐንዲሶቹ በአንድ ጊዜ አልሸነቆሩትም። መጀመሪያ ከላይ ጠበብ ያለ መንገድ ከፈቱ፤ ረጃጅም የብረት ችንካር ወደ አለቱ ሰደዱ፤ የብረት ስንጥር የተቀላቀለበትን ሲሚንቶ ረጩበት፤ ለኩ፤ ከዚያ ወደ ጎን አሰፉ፤ እንደገና ለኩ። 61 ሜትር ሲሞላ ጣራው ወደ ታች የወረደው ከአንድ ሴንቲ ሜትር በታች ነበር። ይህን ያህል እንደሚወርድ ደግሞ አስቀድመው በስሌት አውቀውት ነበር።

ድፍረት መስሎ የታየኝ ነገር ለእነሱ ልማድ መሆኑ የገባኝ ግን ሸምገል ያሉት ሰው ጠቆም አድርገው አንድ ነገር ሲነግሩኝ ነው። እዚሁ ኮረብታ ውስጥ፣ ከሆኪው አዳራሽ 20 ዓመት ገደማ ቀድሞ፣ በ1974 የመዋኛ ገንዳ ተቆፍሯል። አለት ውስጥ ለሕዝብ የተሠራ የመጀመሪያው የዓለም ገንዳ ነው ይባላል፤ ሰውየው ልጆቻቸውን ዋና ያስተማሩት እዚያ ነው። በዚያው ዓመት ኒክ ባርተንና በኖርዌይ ጂኦቴክኒክ ተቋም ያሉ ባልደረቦቹ አለትን በስድስት መለኪያ እየመዘኑ ደረጃ የሚሰጡበትን ዘዴ አወጡ፤ ዋሻ የሚቆፍር የዓለም መሐንዲስ ዛሬም ይጠቀምበታል። ኖርዌይ መብራቷን የምታገኘው በአብዛኛው ከውሃ ነው፤ ተራራ ውስጥ የተቀበሩ የኃይል ማመንጫዎቿ ብቻ ወደ 200 ይጠጋሉ። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ደግሞ የከተማ አስተዳደሮች መጠለያ መቆፈር ነበረባቸው። ለማይመጣ ይሁን ለሚመጣ ጦርነት ባዶ ዋሻ ማስቀመጥ ያሳዝናልና በሰላም ቀን ሰው እንዲጫወትበት አደረጉት። ኦስሎ ደቡብ ጫፍ ሆልምሊያ የሚባል ሰፈር አለ፤ በ1983 አለት ውስጥ የስፖርት አዳራሽና መዋኛ ተሠራለት፤ ክፉ ቀን ከመጣ 7 ሺህ ሰው ያስጠልላል። ዮቪክ ላይ 61 ሜትር ለመክፈት የተነሱት ሰዎች እንግዲህ ከዜሮ አልተነሱም። አባቶቻቸው ተራራ ሲቆፍሩ ኖረዋል።

ኢትዮጵያዊ እዚህ ቆሞ ላሊበላን አለማሰብ አይችልም። እኔም አሰብኩ፤ ግን መመሳሰሉ ቶሎ ያልቃል። የላሊበላ ጠራቢዎች ከላይ ወደ ታች ነው የወረዱት፤ ለስለስ ባለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ፣ በእጅ መሣሪያ። የሚፈልጉት የተረፈው ድንጋይ ነው፤ ቤተ ጊዮርጊስን ጫፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ጣራውን ማየት ይቻላል። ዮቪክ ላይ የተፈለገው ባዶው ቦታ ነው፤ ከውጭ የሚታይ ምንም የለም። ያም ሆኖ ከዚያ ወንበር ላይ አንድ ሌላ ነገር ተከተለኝ። ላሊበላን ስናወራ ሁሌም እንደ ድንገተኛ ተአምር ነው የምናወራው፤ ንጉሡ በቀን፣ መላእክት በሌሊት ሠሩት እንላለን። ትግራይ ውስጥ ግን ከመቶ በላይ ከአለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ከላሊበላ የሚቀድሙም አሉባቸው። ድንጋይ የሚያዳምጥ፣ የት ላይ እንደሚሰነጠቅና የት ላይ እንደሚታመን የሚያውቅ እጅ ከትውልድ ትውልድ ሲያልፍ ኖሯል ማለት ነው። መላእክቱን አልነካም። ከእነሱ ጎን ግን ስማቸው ያልተጻፈ፣ ልጆቻቸውን መዶሻ ያስያዙ ጠራቢዎች ብዙ ዘመን ቆመው ይታዩኛል።

ፊሽካው ሲነፋ ሐሳቤ ተቋረጠ። የበረዶ ሆኪ በቴሌቪዥን ሲታይ ኳሷ የት እንዳለች አይታወቅም። ኳስ ማለቴም ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ ከጠንካራ ጎማ የተሠራች ጠፍጣፋ ክብ ናት፣ ፓክ ይሏታል። ከጨዋታ በፊት አንዷን አስያዙኝ። ውፍረቷ 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቷ 7.6፣ ክብደቷ 160 ግራም አካባቢ ነው። ጣት ላይ ታቃጥላለች፤ ምክንያቱም በረዶ ቤት ውስጥ አድራ ነው የምትመጣው። ሞቅ ካላት ትነጥራለች፤ ስትቀዘቅዝ እየተንሸራተተች ትሄዳለች። ዱላና ሩር ይዞ ያደገ ሰው የጨዋታውን ዋና ሐሳብ ለመረዳት አስተማሪ አይሻም፤ የገና ጨዋታ ነው፣ ጫማው ስለት ስላለው ፍጥነቱ ይለያል እንጂ። አንድ ነገር ግን አስገረመኝ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ብለን ቁስሉንም ስድቡንም እንተወዋለን። እዚህ ጓደኛውን በዱላ ያደናቀፈ ልጅ ከመስታወት ጀርባ ለብቻው ሁለት ደቂቃ ይቀመጣል፤ ቡድኑም ያን ያህል ጊዜ በአንድ ሰው ጎድሎ ይጫወታል። የአክስቴ ልጅ ልጅ ሁለት ጊዜ ገባ። እናቱ አንገቷን ደፋች፤ አባቱ ግን ፊቱ በራ።

ሲያርፉ አንድ ሰፊ መኪና ወጣና ሜዳውን እየዞረ ማበስ ጀመረ። ከጨዋታው ይልቅ እሱን አፍጥጬ አየሁ ብል ማጋነን አይሆንም። ከሥሩ ያለው ስለት የተቧጨረውን በረዶ በስሱ ይልጠዋል፤ የተላጠው ወደ ሆዱ ይገባል፤ ከኋላው ያለ ሰፊ ጨርቅ ሙቅ ውሃ እየቀባ ይከተላል። ሙቅ የሆነበት ምክንያት አለው፤ ሙቁ ውሃ የላይኛውን ቅርፊት በትንሹ አቅልጦ ጭረቱን ይሞላና አብሮ ሲረጋ ወለሉ ልሙጥ ይሆናል። ይህን መኪና የፈጠረው ፍራንክ ዛምቦኒ የሚባል፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ ፀሐያማዋ ካሊፎርኒያ ውስጥ በረዶ ለማለስለስ ሲታገል የነበረ ሰው ነው። መኪናው ከወጣ በኋላ ሜዳው የጣራውን መብራት መልሶ ያሳያል፤ አንድም ሕፃን ሳይጮህ፣ ሳይሮጥ፣ ሁሉም ይህን ያዩ ነበር።

ከወንበሮቹ ጀርባ ቡና የሚሸጥበት መስኮት አለ። ሻጮቹ ወላጆች ናቸው፤ በተራ ይቆማሉ፣ ደሞዝ የለውም፣ ገቢው ለልጆቹ ቡድን ነው። ደቦ ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ቡናው ከፔርሙስ የሚቀዳ ቀጭን ነገር ነው፤ ስለሱ ዝም ማለት ይሻላል። ዋፍሉ ግን ጉድ ነው። የልብ ቅርጽ ባለው ብረት እየተጋገረ ትኩሱን ይሰጡና ላዩ ላይ ቡናማ አይብ በስሱ ይላጣል፤ ብሩኖስት ይሉታል። አይቡ የሚሠራው ከአጓት ነው። አጓቱ ውሃው እስኪተን፣ ስኳሩ እስኪጠቁር ድረስ ለሰዓታት ይቀቀላል። በ1863 አነ ሆቭ የምትባል የጉድብራንድስዳል ገበሬ ሴት ክሬም ብጨምርበትስ ብላ ሞከረች፤ ያ ሸለቆ ከዚህ ወደ ሰሜን ብዙም አይርቅም። የእህል ዋጋ ወድቆ ገበሬው በተቸገረበት ጊዜ አይቧ አካባቢውን ደገፈ ይባላል፤ በ1933 ስታረጅ ከንጉሡ ሜዳልያ ተሰጣት። የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ ስትቀምሰው ሳሙና መስሏት እንደነበር አጫወተችኝ። አሁን ለበዓል እናቷ ቤት አዲስ አበባ ስትሄድ አንድ ሁለት ኪሎ ይዛ ትሄዳለች፤ እዚያ ግን የሚበላላት የለም።

አዳራሹ የተሠራው በ1994 ሊልሃመር ላይ ለተካሄደው የክረምት ኦሎምፒክ ነው። ሊልሃመርም ያው ትንሽ ከተማ ስለሆነች ጨዋታዎቹ በሐይቁ ዙሪያ ላሉ ከተሞች ተከፋፈሉ። ዮቪክ 16 የሆኪ ግጥሚያዎች ደረሷት። የአዳራሹ ወጪ 134.6 ሚሊዮን ክሮነር ነበር። ስዊድን ካናዳን በፍፁም ቅጣት ምት ያሸነፈችበትና የፒተር ፎርስበርግ ግብ የስዊድን ቴምብር ላይ እስከመታተም የደረሰበት የፍጻሜ ጨዋታ የተካሄደው ግን ሊልሃመር ባለው የሆኮን አዳራሽ ነው። ዮቪኮች ይህን ሲያወሩ ትንሽ ቅር የሚላቸው ይመስላል። ኖርዌይ ራሷ በሆኪው ከ12 ቡድን 11ኛ ወጣች፤ ስለዚህ ማንም አላነሳብኝም።

እሑድ ሐይቁን ዞረን ሃማር ሄድን። ሃማር ከዮቪክ ፊት ለፊት ናት፤ የእሷ የኦሎምፒክ አዳራሽ ደግሞ የተደበቀ ነገር የለውም። የተገለበጠ የቫይኪንግ መርከብ ተመስሎ ከሩቅ ይታያል፤ የእንጨት ጣራው ጀልባ የሚሠሩ ሰዎችን እጅ ያስታውሳል። እዚህ ነው ዮሃን ኦላቭ ኮስ በበረዶ ላይ ሩጫ ሦስት ወርቅ ያገኘው፤ በሦስቱም የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል። ኮስን እኛ አካባቢ በሌላ ነገር ልናውቀው ይገባ ነበር። ከውድድሩ በፊት ኤርትራ ሄዶ ነበር፤ ከጦርነት በወጡ ልጆች መሀል ሸሚዙን ጠቅልሎ ኳስ ያደረገ ልጅ አየ። አገሩ ላይ ሲያሸንፍ ከሽልማቱ ገንዘብ ሰጠ፣ ሌላውም ሕዝብ እንዲሰጥ ጠየቀ፤ ከዚያም በአውሮፕላን የስፖርት ዕቃ ይዞ ወደ ኤርትራ ተመለሰ። ምግብ የሚያስፈልገው ሕዝብ ጋ ኳስ ይዞ መሄዱ አስተችቶት ነበር። በኋላ ላይ ያቋቋመው ድርጅት ልጆች በጨዋታ እንዲያድጉ የሚሠራ ነው፤ ዛሬም አለ። የመርከቡ ጣራ ሥር ቆሜ ሳስበው የነበረው ስለ ወርቁ ሳይሆን ስለዚያ ሸሚዝ ነው፤ በየመንደራችን ስንት እንዲህ ያለ ኳስ እንደጠቀለልን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሁለቱን አዳራሾች በሁለት ቀን አይቶ አለመዳኘት አይቻልም። የሃማሩ ያምራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ፖስት ካርድ ላይ ይወጣል። እኔ ግን ፍርዴ ለዮቪክ ነው። ትልቅ ነገር ሠርቶ ከኮረብታ ሥር መደበቅ፣ በበሩም ላይ አለመጮህ፣ አንድ ዓይነት ኩራት ይመስለኛል። ትዕቢት አልልም፤ ኩራት። ኦሎምፒኩ ሲያልቅ አዳራሹ ለማን ይተርፋል የሚለውን ጥያቄ ብዙ አገሮች በባዶ ስቴዲየም ሲመልሱት አይተናል። እዚህ የእጅ ኳስ ይጫወቱበታል፣ ኮንሰርት ይዘጋጅበታል፣ ሲያሻቸው ወለሉን ሸፍነው ትርዒት ያሳዩበታል። ዛሬ የሚደነቅበት ሰው የለም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን መኪና ማቆሚያው ይሞላል።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ የአክስቴ ልጅ ስልኳን እያየች ፊቷን አጨማደደች። የልምምድ ሰዓት ተቀይሯል። በረዶው አንድ ነው፤ ፈላጊው ብዙ ነው። ሆኪ ተጫዋቾች፣ በሙዚቃ የሚንሸራተቱት ልጃገረዶች፣ ሽማግሌዎቹ፣ ሁሉም የማታውን ሰዓት ይሻሉ። የልጇ ቡድን የደረሰው ማክሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ነው፤ ከትምህርት ቤት በፊት፣ በጨለማ።

«ማን ያደርሰዋል?» አለች።

ባሏ መሪውን እንደያዘ ዝም አለ።

«እኔ የሌሊት ተረኛ ነኝ» አለች፣ «ከሥራ የምወጣው አንድ ሰዓት ላይ ነው።»

«ባለፈውም እኔ ነኝ ያደረስኩት።»

«ባለፈው ዋፍሉን ማን ጋገረ?»

ልጁ ከኋላ ወንበር አንገቱን አሰገገ። «ጋሼ፣ እስከ ማክሰኞ ይቆያሉ አይደል?»